የተወለደውና የገባው

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አግዳሚውን ወደ ምድጃው ሳቡት፤ ውሻውን ተዉት፣ እሱም የቤቱ ሰው ነው። የእናንተው ኦስካር ከሴንት ሉዊስ ድረስ ሰፊ ወረቀት ጠቅልሎ መጥቶ የቤተሰባችሁን ዘር እንደ ዛፍ ሊስል ተነሥቷል። ግንዱን ጨርሷል፤ «ኤቨርዲንግ» ብሎ በደማቁ ጽፎበታል። እጁ ያምራል፣ እግዜር ይባርከው። ትናንት ደግሞ ጎተራው በር ላይ የተጋደመውን ወፍራም ግንድ እያየ «ከታች በትንሹ የተቀረጸው ቬስሊንግ የሚለው የአናጢው ስም ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ማታ እነግርሃለሁ አልኩት። እንግዲህ ኦስካርዬ፣ እርሳሷን ለትንሽ ጊዜ አስቀምጣት። ቅርንጫፍ ከመቀጠልህ በፊት አንድ መንገድ አብረን እንሂድ።

እኔ እንደምታውቁት የሥጋ ዘመዳችሁ አይደለሁም፤ ጎረቤት ነኝ። የተማርኩትም ትምህርተ ክርስቶስ ለማንበብ የሚበቃኝን ያህል ነው። ነገር ግን ጋሪውን የነዳሁት እኔ ካስፓር ሎይብል ነኝ፤ ከዚያ ጋሪ ላይ ከነበርነው ሰዎች ዛሬ የቀረሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ያ ከበሩ በላይ የተሰቀለው፣ ሪባኑ የደበዘዘው በትር ያን ጊዜ በጉልበቴ መካከል ቆሞ ነበር።

ጋሪው መንደራችንን ሮትባህን ለቆ ቁልቁለቱን ሲይዝ የጥቅምት ጤዛ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም። ከጎኔ ፒፓውን ነክሶ አንቶን ኤቨርዲንግ፤ ከኋላ በገለባ ከረጢት ላይ ታናሽ ወንድሙ ክሌመንስ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ዘጠነኛው መከር ነው። አንቶን ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ራስ ስለሆነ ግን አረማመዱም አነጋገሩም የስድሳ ዓመት ሰው ነበር። ክሌመንስ አያታችሁ ነው። በጠባዩ ሳቂታ ነበር፤ ያን ቀን ግን ገለባ እየመዘዘ ወደ መንገዱ ይጥል ነበር።

«ያንን ዱላ ደግሞ ለምን አመጣኸው?» አለኝ አንቶን።

«አንዴ ከተያዘ ሠርጉ እስኪያልፍ ከእጅ አይለይም።»

«ሠርግ የለማ!»

«የለም ያለኝ የለም። ይቆይ ነው የተባልኩት።»

የሠርግ ጠሪው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ጠሪ በየቤቱ ይዞራል፣ ግጥሙን ይላል፣ የተጠራው ቤት ደግሞ መምጣቱን ሊያሳውቅ በትሩ ላይ ሪባን ያስርበታል። ጫማዬን አብርቼ፣ ግጥሜን ሸምድጄ፣ በትሬን ይዤ ልወጣ ስል ነው ሁሉ ነገር የቆመው። በትሩ ራቁቱን ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሮትባህ የብዙዎቻችን ወላጆች ከጀርመን አገር፣ ከባየርን ተራሮች የመጡ ናቸው። ከቬስትፋለን ሜዳ የመጡት ሁለቱ የኤቨርዲንግ ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ በወንዙ ወዲህ የበርንድ ኤቨርዲንግ፣ ከወፍጮው ማዶ የቴዎዶር ኤቨርዲንግ። የሜዳ ሰው ጥሩ ሰው ነው፤ ትልሙ ቀጥ ያለ፣ ቃሉ የማይታጠፍ። ነገር ግን አፉን ለጸሎትና ለምግብ ካልሆነ አይከፍትም። ከበርንድ ጋር በአንድ አጥር ስንኖር ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር «ካስፓር፣ ላምህ ከጎመኔ ውስጥ ናት» የሚለው ነው። ሁለቱ ሰዎች «ወንድሜ» ሲባባሉ ኖሩ፤ ሞቱም፤ ጎን ለጎን ተቀበሩ። የበርንድ ሚስትም ቀድማ ሞታለች። የቴዎዶር ሚስት እዚሁ ያገባት የባየርን ልጅ ስለሆነች ስለ አሮጌው አገር ከእኛ የተሻለ አታውቅም።

እንግዲህ የበርንድ ልጅ ክሌመንስ የቴዎዶርን ልጅ ቴሬዘን ወደዳት። ቴሬዘ አያታችሁ ናት። የወንድማማች ልጆች መሆናቸውን ሁላችን እናውቅ ነበር፤ አሮጌው ቄሳችን ለእንዲህ ያለው ነገር ከጳጳሱ ፈቃድ ስለሚያስመጡ ማንም አልተጨነቀም። እሳቸው ግን በፋሲካ ዐረፉ። አዲሱ አባ ኪርሽማየር ወጣት ናቸው፤ ጥሩ ሰው፣ ነገር የሚያጠብቁ።

«የሙሽራው አባት?» አሉ ክሌመንስና አንቶን ጋብቻውን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ፣ ብዕራቸውን እያጠቀሱ።

«በርንድ ኤቨርዲንግ።»

«የሙሽራዋስ?»

«ቴዎዶር ኤቨርዲንግ።»

ብዕሩን አስቀመጡት። «ለወንድማማች ልጆች ጳጳሱ እሺ የሚሉት በስንት አንዴ ነው። እጽፋለሁ፤ ግን አቤቱታው ከጋራ አያታችሁ መጀመር አለበት። የአያትና የአያት ሚስት ስም ማን ነው?»

ክሌመንስ ወደ አንቶን አየ። አንቶን ወደ ጣራው አየ። የሚያውቅ የለም። የአገራቸው ቤተክርስቲያን ከነመዝገቡ ተቃጥሏል፤ አገር ቤት ለቀረው ታላቅ ወንድማቸው ቢጻፍም መልሱ ወራት ይፈጃል።

«እንግዲያው በዕድሜ የገፋ ሰው ፈልጉ፤ የሚያውቅ፣ በመስቀል የሚምል። እሱ የተናገረውን ደግሞ የቤቱ ራስ ቆሞ ማጽናት አለበት። ያለ ሁለቱ ቃል እጄን አላነሣም» አሉ አባ።

ክሌመንስ ከቤተክርስቲያኑ ወጥቶ ለቴሬዘ «ካልሆነ ነብራስካ እሄዳለሁ። በየእሑዱ ከማዶ በሴቶቹ ረድፍ እያየሁሽ አልኖርም» አላት። እሷም ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ እየጠረገች «ነብራስካ እንጨት የለም አሉ፤ ቤቱን የሚሠሩት በሣር ጓል ነው። አንተ ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ ጣራው ራስህ ላይ ሲፈርስ እናትህን ትጣራለህ» አለችው። እየቀለደች ነበር።

እንግዲህ መንገዳችን ወደ ቡርግሃይም፣ ወደ አክስት ትሪኔ ነበር። ትሪኔ በአሮጌው አገር የኤቨርዲንግ ርስት የቅርብ ጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ልጇን ተከትላ ወደ ሚዙሪ የመጣችው ዘግይታ ነው። በበርንድ ቀብር ላይ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ቡና አምጡልኝ ብላ፣ ቡናው ቀጥኗል ብላ፣ ተመልሳ ሄዳለች።

አንቶን በመንገዱ ሁሉ ስለ ርስቱ ያወራ ነበር። ለሜዳ ሰው ይህ ብዙ ነው።

«ሦስት መቶ ዓመት ነው ካስፓር። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ በዚያ መሬት ላይ ከኤቨርዲንግ በቀር ሌላ ሰው አልተቀመጠም። ታላቅ ወንድማችን ዛሬም እዚያው ነው። ጎተራዬ ላይ ስሙን የቀረጽኩት ለዚህ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«አንተማ ምን ይገባሃል። አባትህ ጭሰኛ፣ አያትህ ጭሰኛ። የእናንተ ዘር ከተራራው ላይ ከድንጋይ ጋር ተንከባልሎ የመጣ ነው።»

«ተንከባልሎም ቢሆን ደርሷል» አልኩት። ክሌመንስ ከኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከጋስኮኔድ ወንዝ ዳር ስንደርስ ጎትሊብ የሚባለው ጀልበኛ በወፍራም ገመድ የሚጎተተውን ሰፊ ታንኳውን አስጠጋልን። በትሩን አየ። ፊታችንን አየ።

«ሠርግ ነው ቀብር?»

«ገና አልታወቀም» አልኩት።

«እንግዲያው ለሁለቱም አንድ ዋጋ ነው፤ ግቡ» አለ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ቡርግሃይም ደረስን። ትሪኔ ጓሮዋ ውስጥ ነበረች፤ የእንጨት ጫማዋን ተጫምታ፣ ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቃ፣ በግራዋ የነጭ ጥቅል ጎመን ክምር፣ በቀኟ የቀይ ጥቅል ጎመን ክምር። ለክረምት የሚኮመጥጠውን ጎመን የሚከትፉበት ቀን ነው፤ በርሜሉ ታጥቦ ተደፍቷል፣ ምላጭ የተተከለበት መክተፊያ ሳንቃ በሁለት ወንበር ላይ ተዘርግቷል። እኛን ስታይ አልተነሣችም።

«በባዶ እጅ የሚወራ ወሬ አልወድም» አለች። «አንተ ትከሻ ያለህ፣ ሳንቃው ላይ ና። ጣትህን እንዳትጨምርበት፤ ባለፈው ዓመት አማቼ ጨምሮበት እስከ ፋሲካ ድረስ ሲያማርር ነበር።»

አንቶን ኮቱን አውልቆ መክተፍ ጀመረ። የሜዳ ሰው ሥራ ሲታዘዝ እምቢ አይልም።

«የማን ልጆች ናችሁ?»

«የበርንድ ኤቨርዲንግ፣ አክስቴ። እኔ አንቶን ነኝ፣ ይሄ ክሌመንስ። የቴዎዶርን ልጅ ሊያገባ ነው፤ ቄሱ የአያታችንን ስም የሚያውቅና የሚምል ሰው አምጡ ስላሉ ነው የመጣነው። የአባታችንና የቴዎዶር ኤቨርዲንግ አባት ስሙ ማን ነበር?»

ትሪኔ ያነሣችውን ጎመን መልሳ አስቀመጠችው።

«የማንና የማን?»

«የሁለቱ ወንድማማቾች።»

«የትኞቹ ወንድማማቾች? አንዱ የተወለደው፣ አንዱ የገባው!»

«ምን ማለት ነው?»

«ጀርመንኛ አይደለም እንዴ የማወራው? ኤቨርዲንግ ሆኖ የተወለደ አለ፤ ኤቨርዲንግ ሆኖ የገባ አለ። ቴዎዶር የተወለደው ነው። አባትህ የገባው ነው።» ፊታችንን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ወይ ጌታዬ! አያውቁም! እነዚህ ልጆች አያውቁም!»

ከዚያ ተነሥታ ሁለት ነጭ ጎመን ከክምሩ መረጠች፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ፤ የሳንቃው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ትልቁ የርስቱ ጌታ ሄርማን ኤቨርዲንግ። ትንሹ ወንድሙ ቴዎዶር። ርስቱ የታላቁ ነው፤ ታናሹ እጁን ይዞ ቀረ። ሄርማን ማርግሬትን ከሌላ መንደር አገባ።» ከነግንዷ የተነቀለች ጎመን ጨመረች። «ማርግሬት እናታችሁ ናት። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፣ ዮሃንን።» ጡጫ የምታህል ነጭ ጎመን አኖረች። «ከዚያ ሄርማን ሳንባውን ታመመ።» ትልቁን ጎመን አንሥታ ለአንቶን ወረወረችለት። «ይህንን ክተፈው። ሞቷል።»

አንቶን ከተፈው።

«እኛ አገር መበለት ርስት ብቻዋን አትይዝም። ልጁ እስኪያድግ ሰው ያስፈልጋል። እና ማርግሬት መረጠች።» ትሪኔ ወደ ቀኙ ክምር ዞራ አንድ የሚያምር ቀይ ጎመን አነሣችና ከማርግሬት ጎን ደነቀረችው። «በርንድ። የርስቱን ፈረሶች የሚይዘውን ሰው። ወደ ርስቱ በጋብቻ የገባ ሰው የርስቱን ስም ይወስዳል፤ ስሙ የሰው አይደለም፣ የመሬቱ ነው። ንጉሥ ቢያገባት ኖሮ ንጉሡም ኤቨርዲንግ ይባል ነበር። ለሠርጉ ሰው የጠራው አባቴ ነው፤ እኔም ሚዜ ነበርኩ፣ ጫማዬ ጠቦኝ ነበር።»

ሁለት ቀያይ ጎመኖች አከለች። «አንተና አንተ።» ከቴዎዶር በታች ደግሞ አንዲት ነጭ። «ይቺ የቴዎዶር ልጅ ናት ያላችኋት። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ቀይ፣ ይቺ ነጭ፤ የት ተገናኙ?»

«ሮትባህ፣ ወፍጮው ጋ» አለ ክሌመንስ። ከዚያ ቀዩን ጎመን፣ ራሱን ማለት ነው፣ አንሥቶ ደረቱ ላይ ያዘው፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላውቅም።

አንቶን ግን መክተፉን አላቆመም። «አባቴ በሐሰት ስም ኖረ ነው የሚሉኝ?»

«ማን ሐሰት አለ? በመሠዊያ ፊት ገብቶ ኤቨርዲንግ ሆነ፤ በልተን ጠጥተን መሰከርን።»

«ታዲያ ለምን አልነገረንም?»

«ጠየቃችሁት?»

አንቶን ሌላ ጎመን ሳንቃው ላይ አደረገ።

«እኛ አገር ይህን የማያውቅ ማን አለ? ዝናብ ያረጥባል ብሎ ለልጁ የሚነግር አባት አይተሃል? እናንተ እዚህ አድጋችሁ እንደማታውቁ እሱም አላወቀም።»

«ወንድሜ ይባባሉ ነበር እኮ!»

«ታዲያ! የወንድሙን መበለት ላገባለት፣ የወንድሙን ልጅ እንደ ልጁ ላሳደገለት ሰው ቴዎዶር ሌላ ምን ይበለው? አንተ ሰውዬ ይበለው?»

«ሳይገባ በፊትስ?» አለ አንቶን ቀስ ብሎ። «አባቴ ማን ነበር?»

«በርንድ ቬስሊንግ። ከርስቱ ጥግ፣ ረግረጉ ዳር አንዲት ጎጆ ነበረች። ጭሰኞች ነበሩ።»

ያን ጊዜ ሳንቃው ቆመ። እኔ ወደ በቅሎዎቹ ማየት ጀመርኩ። በቅሎዎቼ እንደዚያ ቀን አምረውኝ አያውቁም።

አንቶን ኮቱን ሳይለብስ ወደ ጋሪው ወጣ፤ ክሌመንስ ተከተለው።

«ይህ ነገር ከዚህ ጓሮ አይወጣም» አለ አንቶን። «የአያት ስም ፈልገን አጣን እንላለን። ጳጳሱ በችሮታቸው እንዲፈቅዱ እንለምናለን።»

«እምቢ ካሉስ?»

አንቶን የበቅሎዎቹን ማሰሪያ ማጥበቅ ያዘ።

«ወንድሜ፣ ካንተ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ቆመህ እንዲህ ነው ብትል ቴሬዘ ሚስቴ ናት። ካላልክ ነብራስካ ነኝ። አንድ ግንድ ላይ ስለተቀረጸ ጽሕፈት ብለህ ነው?»

«ስለ አባቴ ነው!» ብሎ ጮኸ አንቶን። «ሰው ሁሉ የበርንድ ኤቨርዲንግ ቀብር ላይ ባርኔጣውን ያወለቀው ለጭሰኛ ነው እንድል ነው የምትፈልገው?»

ከኋላችን የእንጨት ጫማ ኮቴ ሰማን። ትሪኔ ናት፤ ሻርፗን ደርባ፣ ሽርጧን እንደ ከረጢት ሰብስባ፤ ውስጡ ቀይና ነጭ ጎመን።

«ደግፉኝና ልውጣ። ቄስ ፊት ልማል አይደል የምትፈልጉኝ? ጎመኑን ልጄ ትጨርሰዋለች፣ አማቼ ደግሞ ጣቱን ይጠብቅ።»

በመልሱ መንገድ አንቶን ከኋላ ገለባው ላይ ተቀመጠ። ትሪኔ ከእኔ ጎን ሆና ስለ በቅሎ፣ ስለ መንገዱ ክፋት፣ ባየርኖች ሾርባ ውስጥ ስለሚጨምሩት ነገር ስታማ ዋለች። እኔ ተራው ደርሶኝ አንቶንን ስለ ጭሰኛ ልጅነት አንድ ነገር ልለው አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። የሰውየው ጀርባ እንደ ተጣለ ከረጢት ሆኖ ነበርና።

ጎትሊብ ታንኳውን ከዳር አላቆ ወደ ወንዙ መሐል ስንገባ ነው የተናገረው።

«አክስቴ ትሪኔ። ለምን እሱን መረጠችው?»

ትሪኔ ዞር ብላ አየችው። ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው የከረመች ይመስለኛል።

«ሄርማን በሞተበት ጸደይ የማርግሬት እርሻ ሳይታረስ ሊቀር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ ታርሷል። ማን እንዳረሰው የሚናገር የለም። በርንድ ነበር፤ የራሱን የቀኑን ሥራ ሳያጓድል በማለዳ እየተነሣ። ሰው ሳያዝዘው፣ ምስጋናም ሳይጠይቅ። ከዚያ ዮሃን አድጎ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ርስቱን ማስረከብ ሆነ። ስንት የገባ ሰው እኮ አለ፣ ደኑን እየቆረጠ ሸጦ፣ ላሙን ለራሱ ልጆች ደብቆ ባዶ በረት የሚያስረክብ! አባትህ ረግረጉን አድርቆ፣ መሬቱን አስፍቶ፣ ድንበሩን ከልጁ ጋር በእግሩ ዞሮ፣ የቤቱን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ አስረከበ። አባቴ ቆሞ አይቷል፤ እኔም አይቻለሁ።»

ገመዱ ይንጫጫል። ጎትሊብ እንኳ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

«በልማዳችን በጋብቻ የገባ ሰው ከርስቱ ሲወጣ ስሙንም ትቶ ይወጣል። ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሻንጣው ጋሪ ላይ ተጭኗል፤ እናትህ አንተን ታቅፋሃለች። በርንድ ለዮሃን 'እንግዲህ ስምህን መልሼልሃለሁ' አለው። ልጁ አለቀሰ። 'አባባ፣ ስሙ ያንተ ነው፤ ይዘኸው ሂድ' አለው። እንዲህ ነው እዚህ የደረሰው። ሄርማን ተወልዶበት ነው ያገኘው። አባትህ ተሰጥቶት ነው።»

አንቶን ተነሣ። አንድ ነገር የሚል መስሎን ጠበቅን። ወደ ታንኳው ጫፍ ሄዶ የጎትሊብን ገመድ ተቀበለውና እስከ ማዶ ድረስ ብቻውን ጎተተው። ጎትሊብ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ሠርግ ነው እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

አባ ኪርሽማየር ጎመኖቹን ጠረጴዛቸው ላይ ሲደረደሩ ሲያዩ መጀመሪያ ስጦታ መስሏቸው አመሰገኑ። ትሪኔ ማለች፣ ተናገረች፣ ቀይና ነጩን አሳየች። አባ ቀዩን አንሥተው፣ ነጩን አንሥተው፣ በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «እኔ አባቴ በሬ ነጂ ነው» አሉ፤ «በእኛ ተራራ የሚቆየው የሰው ስም ነው፣ መሬቱ ባለቤቱን ይቀያይራል።» ከዚያ ወደ አንቶን ዞሩ። «አሁን የቀረው ያንተ ቃል ነው። እሑድ በሕዝቡ ፊት እጠይቅሃለሁ። እስከዚያ አስብበት።»

አንቶን እስከ እሑድ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ክሌመንስ ሻንጣውን አላሰረም፣ አልፈታም። ቴሬዘ በኛ ቤት በኩል ስታልፍ በትሩን እያየች ትሄድ ነበር።

እሑድ ቤተክርስቲያኑ ሞልቶ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። አባ ከመድረኩ ሆነው የሙሽሮቹን ስም አነበቡና ቆሙ። «የቤቱ ራስ ስለ አባቱ ይናገር።»

አንቶን ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞታል። አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ ዝም አሰኘችው።

«አባቴ በርንድ ቬስሊንግ ሆኖ ተወለደ» አለ። «የጭሰኛ ልጅ። የሰው ርስት በአደራ ይዞ ሳያጎድል አስረከበ። ኤቨርዲንግ የሚለውን ስም ስለዚያ ሰጡት። ወንድሜ ክሌመንስና ቴሬዘ የሥጋ ዘመዳሞች አይደሉም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላ የለኝም።»

ተቀመጠ። ከሜዳ ሰው ይህን ያህል ንግግር በሮትባህ ተሰምቶ አይታወቅም። ከሴቶቹ ረድፍ የቴሬዘ እናት ልቅሶዋን ለቀቀችው፤ ቴሬዘ ግን ቀጥ ብላ ከማዶ ክሌመንስን ታየው ነበር፣ በቤተክርስቲያን ውስጥ መሆኗን ረስታ።

ደጅ ስንወጣ ትሪኔ በትሬን ከእጄ ነጠቀችኝ። የሽርጧን ማሰሪያ በጥርሷ በጠሰችና አሰረችበት። «አባቴ የበርንድን ሠርግ በጠራበት በትር ላይ የመጀመሪያው ሪባን የእናቴ ነበር። ይሄ የኔ ነው» አለች። ሁለተኛው አንቶን ነው፤ የአንገቱን መሐረብ ፈትቶ አሰረ፤ እንዴት እንደሚታሰር ስላላወቀበት እኔ አገዝኩት። እጄን ያዝ አድርጎ «ካስፓር፣ ያንን ስለ ድንጋይ ያልኩህን» አለ። «ተንከባልለን ደርሰናል» አልኩት። በዚያው ቀረ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት ከጎተራው በኩል የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሄጄ ሳይ መሰላል ላይ ወጥቶ ይቀርጻል። ከላይ ያለውን አልነካውም። ከታች ግን፣ ቦታው ጠብቦት፣ ፊደሎቹን አጣብቆ «ቬስሊንግ» ብሎ ጻፈ። አናጢ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ትንሽ የተጣመመው።

እንግዲህ ኦስካርዬ፣ አሁን እርሳሷን አንሣት። ግንዱን አትፋቀው፤ በደንብ ያገኛችሁት ስም ነው። ከሥሩ ግን፣ ሥሩ ወደ መሬት በሚገባበት ቦታ፣ አንዲት ትንሽ ጎጆ ሳልልኝ፤ ረግረግ ዳር ያለች፣ ጭስ የሚወጣት። በርንድ ቬስሊንግ ብለህ ጻፍበት። ቦታ ከጠበበህ አጣብቀው፣ አንቶንም አጣብቋል።

እናንተም ልጆቼ፣ እኔ ያለፍኩ ዕለት ይህ በትር ለአንዳችሁ ይደርሳል። በየሠርጉ ሪባን ሲታሰርበት ከሥሩ ያለችውን ሰማያዊ የሽርጥ ማሰሪያ አትፍቷት። ይቺ የማን ናት ብሎ የሚጠይቃችሁ ሕፃን አይጠፋም። ባይጠይቃችሁም ንገሩት፤ እኛ ስላልጠየቅን የነገረን አልነበረም፣ ሠርጉም ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። የትሪኔን ስም አንሡ፣ የበርንድንም አንሡ። አደራ ልጆቼ፣ አትርሱብኝ።